በኮማቲ ያልተቆጠሩት

በደቡብ አፍሪካ ምፑማላንጋ ግዛት የሚገኘው የኮማቲ የድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ያቆመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2022 ነው። ባለቤቱ ኤስኮም፣ የአገሪቱን መብራት በአብዛኛው የሚያመነጨው የመንግሥት ድርጅት፣ ቋሚ ሠራተኞቹ እንደማይባረሩ ቃል ገብቶ ነበር። ብዙዎቹም ወደ ሌሎች ማመንጫዎች ተዛወሩ።

ቃሉ ተጠበቀ፤ መንደሩ ግን ሥራ አጣ። በግቢው ውስጥ የሚለፋው በኤስኮም የደሞዝ መዝገብ የሰፈረው ሰው ብቻ አልነበረምና ነው። የጥገና ሠራተኛው፣ ጽዳቱ፣ ጥበቃው፣ ከሰል አመላላሹ ሾፌር በተቋራጭ በኩል የሚቀጠሩ ነበሩ። ውላቸው ሳይታደስ ሲቀር የትኛውም መዝገብ «ከሥራ ተሰናበቱ» አይልም። ምግብ ሻጯና ክፍል አከራዩ ደግሞ ከመጀመሪያውም በማንም ስሌት ውስጥ አልነበሩም። በደቡብ አፍሪካ መንደሮች ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ ደሞዝ ሲቀር መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው የሱቅ ገበያ ነው።

ኮማቲ መዘጋትን ለሁለተኛ ጊዜ ማየቱ ነበር። በ1961 ሥራ የጀመረው ይህ ማመንጫ ዘጠኝ ዩኒቶችና 1,000 ሜጋዋት ገደማ አቅም ነበረው። በ1990 አገሪቱ ኃይል ሲተርፋት ቆመ፤ ከዓመታት በኋላ እጥረት ሲመጣ እንደገና ተቀሰቀሰ።

መዘጋቱ በራሱ ስህተት ነበር ብዬ አላምንም። በመጨረሻው ቀን የሚሠራው አንድ ዩኒት ብቻ ነበር፤ የሚያመነጨውም ከ120 ሜጋዋት ብዙ አይበልጥም። በ2023 የኤሌክትሪክ ሚኒስትር የሆኑት ክጎሲየንትሾ ራሞክጎፓ ውሳኔውን በግልጽ ተችተዋል፤ መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ወቅት ቁጣቸው ሰሚ አገኘ። እኔን የሚያስቆጣኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ሌሎቹ ዩኒቶች ተራ በተራ ሲቆሙ ዓመታት አልፈዋል፤ ያ ሁሉ ጊዜ ለሠራተኛው ምንም ሳይዘጋጅለት ባከነ። የዓለም ባንክ 497 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀው ማመንጫው ከቆመ ከቀናት በኋላ ነው። በገንዘቡ 150 ሜጋዋት የፀሐይ፣ 70 ሜጋዋት የነፋስ ኃይልና የባትሪ ማከማቻ ሊተከል፣ ሠራተኞችም ሊሠለጥኑ ታቀደ። አሮጌው ሲጠፋ ከነዚህ ማመንጫዎች አንዱም አልተተከለም ነበር። ቢተከሉም የፀሐይ ማመንጫ ብዙ ሰው የሚፈልገው በግንባታው ወቅት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ተቆጣጣሪ ይበቃዋል። የብየዳ ባለሙያ ሥልጠናውን ጨርሶ ሲወጣ የሚቀጥረው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር።

በምፑማላንጋ ተራ የሚጠብቁ ሌሎችም አሉ። የካምደን፣ የሄንድሪናና የግሩትቭሌይ ማመንጫዎች መዝጊያ ወደ 2030 ተገፍቷል። ጊዜ ተገኝቷል ማለት ነው። ኤስኮም በነዚህ ግቢዎች በተቋራጭ በኩል የሚሠራውን ሰው ሁሉ፣ ከነሙያውና ከነአገልግሎት ዘመኑ፣ አሁኑኑ በስም ሊመዘግብ ይችላል፤ የመዝጊያው ዕቅድም ከዚያ መዝገብ ይጀምር።