የ1824ቱ የአሜሪካ ምርጫ፦ ሕጋዊው ውጤት አመኔታ ያጣበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. በ1824 በተካሄደው የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የላቀ ድምፅ ያገኘው የቴነሲው ጄኔራል አንድሩ ጃክሰን ቢሆንም፣ ሥልጣኑን የተረከበው በሁለተኛነት የተከተለው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ነበር። ይህ ውጤት ሕግ ተጥሶ የተገኘ ነው ወይስ ሕግ ተከብሮ የሚለው ክርክር በዚያው ዘመን ተነሥቶ እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያነጋግራል።

ክርክሩን ለመረዳት የምርጫውን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት እያንዳንዱ ግዛት በሁለቱ የሕግ አውጪ ምክር ቤቶች ባሉት መቀመጫዎች ልክ የሚሰይማቸው ወካይ መራጮች ሲሆኑ፣ በ1824 ከነበሩት 24 ግዛቶች በ18ቱ እነዚህን ወካዮች ድምፅ ሰጪው ሕዝብ፣ ኒው ዮርክን ጨምሮ በ6ቱ ደግሞ የግዛቱ ምክር ቤት ይሰይማቸው ነበር። ከወካዮቹ ድምፅ ከግማሽ በላይ ያገኘ ተወዳዳሪ ከሌለ፣ በ1804 የጸደቀው አሥራ ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ውሳኔውን ለተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል፤ ምክር ቤቱም ከፊተኞቹ ሦስት ተወዳዳሪዎች አንዱን የሚመርጠው እያንዳንዱ ግዛት፣ የሕዝቡ ቁጥር ቢበዛም ቢያንስም፣ አንድ ድምፅ ብቻ እየሰጠ ነው።

በ1824 አራቱም ዋና ተወዳዳሪዎች የወጡት ከአንድ ፓርቲ በመሆኑ ድምፁ ተከፋፈለ። ከ261 የወካይ መራጮች ድምፅ ጃክሰን 99፣ አዳምስ 84፣ በጽኑ ሕመም ላይ የነበረው ዊልያም ክሮፎርድ 41፣ ሄንሪ ክሌይ ደግሞ 37 ሲያገኙ፣ ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን 131 ያሟላ አንድም አልነበረም። አራተኛ በመውጣቱ ከውድድር የተሰናበተው ክሌይ ግን የዚያው የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር፤ በመሆኑም ራሱ ሊመረጥ የማይችለው ሰው ሌላውን ለማስመረጥ የሚያስችል ከፍተኛ ተሰሚነት በእጁ ነበረ።

ክሌይ ጥር 9 ቀን 1825 ምሽት ከአዳምስ ጋር ለረዥም ሰዓት ተነጋገረ። የኬንታኪ ምክር ቤት የግዛቱ ተወካዮች ጃክሰንን እንዲደግፉ በውሳኔ ቢጠይቅም፣ የክሌይ አገር የሆነችው ኬንታኪ፣ እንዲሁም በምርጫው ለክሌይ የቆሙት ኦሃዮና ሚዙሪ፣ የካቲት 9 ቀን ድምፃቸውን ለአዳምስ ሰጡ። የኢሊኖይ ብቸኛ ተወካይ ዳንኤል ኩክ የሰጠው ድምፅ 34 ተወካዮች ከነበሯት ከኒው ዮርክ ድምፅ ጋር እኩል ተቆጠረ። በአንድ ዙር ብቻ አዳምስ 13፣ ጃክሰን 7፣ ክሮፎርድ 4 ግዛቶችን አገኙ።

ቁጣው የገነፈለው አዳምስ ክሌይን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርጎ በመሾሙ ነው፤ ከአዳምስ በፊት ከነበሩት አምስት ፕሬዚዳንቶች ሦስቱ ይህን ሹመት ይዘው ያለፉ ስለነበሩ፣ ሹመቱ ወደ ፕሬዚዳንትነት የሚያሸጋግር መሰላል ተደርጎ ይታይ ነበር። የጃክሰን ደጋፊዎች ጉዳዩን ሥልጣን በሥልጣን የተለወጠበት ብልሹ ውል ሲሉ አወገዙት። በሁለቱ መካከል የተቆረጠ ውል እንደነበር የሚያረጋግጥ ማስረጃ ግን አልተገኘም፤ ክሌይ እንደ አዳምስ ሁሉ የመንገድና የቦይ ግንባታን፣ አገር ውስጥ አምራቾችን የሚጠብቅ ቀረጥንና ብሔራዊ ባንክን ይደግፍ ስለነበር፣ ጃክሰንንም በፍሎሪዳ ዘመቻው ምክንያት ከ1819 ጀምሮ በግልጽ ይነቅፈው ስለነበር፣ ያለ ውልም አዳምስን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነበረው።

ስለዚህ ውጤቱ ሕጋዊ ነበር ማለት ይገባል፤ ይሁን እንጂ ድምፁን ያስገኘው ሰው ወዲያው ትልቁን ሹመት መቀበሉ የመንግሥቱን ተአማኒነት ከመነሻው ሸረሸረው። ጃክሰን በ1828 አዳምስን 178 ለ83 በሆነ የወካይ መራጮች ድምፅ አሸንፎ ሥልጣን ያዘ፤ አንድ ግዛት አንድ ድምፅ የሚሰጥበት ድንጋጌ ግን ሳይሻር ዛሬም በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ጸንቶ ይገኛል።