የዕፅ ሕግ እንዲሻሻል የሚጠይቅ ሰው መንገዱ በየት ነው?

ካናቢስ የተባለው ተክል በጃማይካ ጋንጃ፣ በአሶሳ ጎረቤት በሱዳን ደግሞ ባንጎ ይባላል። በብዙ አገሮች የተከለከለ ሲሆን፣ ክልከላው እንዲላላ የሚጠይቁ ተራ ሰዎች በየቦታው ተነሥተዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ዕፁን ማመስገን ወይም መንቀፍ አይደለም፤ አንድ የቤንሻንጉል ጉሙዝ ነዋሪ እንዲህ ያለውን ሕግ ለማስለወጥ ቢያስብ ጥያቄውን ለማን እንደሚያቀርብ ለማስረዳት ነው።

በአገራችን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አደንዛዥ ዕፆችን ከልክሎ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የናርኮቲክ ዕፆች ስምምነት ተቀበለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 525 ማምረትን፣ መነገድንና መጠቀምን ይከለክላል፤ ቅጣቱም እስከ ጽኑ እሥራት ይደርሳል። በሻሸመኔ የሚኖሩ የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮች ዕፁን የጸሎታቸው ክፍል አድርገው ቢቆጥሩትም፣ ሕጉ ለእምነት ብሎ የለየው ነገር የለም።

በውጭ አገር የተሳካላቸው ሰዎች በሁለት በሮች ገብተዋል። የመጀመሪያው ፓርላማ ነው፤ በጃማይካ ከብዙ ዓመት ውትወታ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 ሕጉ ተሻሽሎ፣ እስከ 2 አውንስ፣ ማለትም 56 ግራም ያህል የያዘ ሰው በመቀጮ ብቻ እንዲታለፍ፣ ራስ ተፈሪያንም ለአምልኮ እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። ሁለተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ጋሬዝ ፕሪንስ የተባለ ራስ ተፈሪያዊ የሕግ ምሩቅ በዕፁ ምክንያት ከጥብቅና ሙያ ቢከለከል ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ ድምፅ ብልጫ ተረታ፤ በ2018 ግን የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት አዋቂ ሰው በግል ቦታው ቢጠቀም ወንጀል እንዳይሆን ወሰነ።

እንግዲህ ወደ አሶሳ እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 መሠረት የወንጀል ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልሎች ሕግ ማውጣት የሚችሉት የፌዴራሉ ሕግ ባልሸፈነው ጉዳይ ብቻ ነው። ስለዚህ የአሶሳው ክልል ምክር ቤት ቢስማማ እንኳ አንቀጽ 525ን ሊለውጥ አይችልም። ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል የሚል ሰው ደግሞ አቤቱታውን ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያቀርባል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ግን እንደ ደቡብ አፍሪካ ዳኞች ሳይሆኑ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ስላለው በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞም በዚያ ድምፅ አላቸው። ሆኖም አንቀጽ 27 ራሱ እምነትን የመግለጽ መብት ለሕዝብ ጤና ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ ክርክሩ ቀላል አይሆንም።

ጥያቄ በማቅረብ በኩል፣ አንቀጽ 30 የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብን መብት ያውቃል። ማኅበር አቋቁሞ ለመብት መከራከር ግን ለረጅም ጊዜ ጠቦ ነበር፤ የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበርና። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን አዋጅ ተካ፤ ገደቡም ተነሣ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሕግን መቃወምና ሕግን መተላለፍ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ዕፁን የያዘ ሰው ይቀጣል፤ ይለወጥ ብሎ የጻፈ፣ የተሰበሰበና ወኪሉን የጠየቀ ሰው ግን በመብቱ ተጠቀመ እንጂ ወንጀል አልሠራም።