ኪው ትኩሳት

ኪው ትኩሳት ኮክሲየላ በርኔቲ በተባለ ባክቴሪያ ምክንያት የሚመጣ፣ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ዋና ምንጮቹ በግ፣ ፍየልና ላም ሲሆኑ ሰው በአብዛኛው የሚያዘው ባክቴሪያው ያለበትን አቧራ ሲተነፍስ ነው።

ስያሜና ግኝት

እ.ኤ.አ. በ1935 በአውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ግዛት፣ በብሪዝበን ከተማ የቄራ ሠራተኞች ምክንያቱ ባልታወቀ ትኩሳት ታመሙ። የመረመራቸው ሐኪም ኤድዋርድ ዴሪክ መንስኤውን ስላላወቀው በሽታውን «ኪው» አለው። ፊደሉ «ጥያቄ» የሚል ትርጉም ካለው «ኩዌሪ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ እንጂ ከኩዊንስላንድ ስም አይደለም። ዴሪክ ናሙና ወደ ሜልበርን ላከ፤ በዚያም ማክፋርሌን በርኔትና ባልደረባው ሜቪስ ፍሪማን ተሕዋሱን ለዩት።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ጎርደን ዴቪስና ኸራልድ ኮክስ አንድ እንግዳ ተሕዋስ ከመዥገር አግኝተው ያጠኑ ነበር፤ በሰው ላይ የትኛውን በሽታ እንደሚያመጣ ግን አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1938 ቤተ ሙከራውን የጎበኘው ሮላ ዳየር በዚሁ ተሕዋስ ታመመ። ናሙናዎቹ ሲነጻጸሩ የሞንታናውና የአውስትራሊያው ተሕዋስ አንድ ሆኖ ተገኘ። የባክቴሪያው ስም ኮክስንና በርኔትን ያስታውሳል።

መተላለፊያ

የተያዙ እንስሳት ብዙ ጊዜ ጤነኛ ይመስላሉ፤ እርጉዞቹ ግን ሊጨነግፉ ይችላሉ። ባክቴሪያው በእንግዴ ልጅና በወሊድ ፈሳሽ ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ በወተት፣ በሽንትና በእበትም ይወጣል። ድርቀትን ስለሚቋቋም በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ በነፋስም ይጓዛል። ሰውን ለማሳመም ጥቂት ባክቴሪያዎች ይበቃሉ።

ምልክቶችና ሕክምና

ከተያዙት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ምልክት አያሳዩም። በሌሎቹ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና ላብ ይታያል፤ የሳንባ ምች ወይም የጉበት ሕመምም ሊከተል ይችላል። ዋናው መድኃኒት ዶክሲሳይክሊን ነው። በጥቂት ሰዎች ላይ በሽታው ወደ ልብ ቫልቭ ይዛመታል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል፣ ሕክምናውም ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል።

የኔዘርላንድስ ወረርሽኝ

ከ2007 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ከ4,000 በላይ ሰዎች መታመማቸው ተመዘገበ። ምንጩ የወተት ፍየል እርባታዎች ነበሩ፤ ሰዎች ከመታመማቸው በፊት በእርባታዎቹ ፍየሎች በብዛት መጨንገፍ ጀምረው ነበር። መንግሥት የፍየሎችና የበጎች ክትባትን አስገዳጅ አደረገ፤ ከ50,000 በላይ ፍየሎችም ተወገዱ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት የእንስሳት ሐኪሞችና የሰው ሐኪሞች መረጃ ቶሎ መለዋወጥ እንዳለባቸው ነው።

ምርምር

ባክቴሪያው የሚራባው በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ ብቻ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ለጥናት አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች ከሕዋስ ውጭ ሊያሳድጉት ቻሉ። አውስትራሊያ ለሰው የሚሰጥ ክትባት አላት፤ ቀድሞ ለባክቴሪያው የተጋለጠ ሰው ግን ክትባቱ ሊጎዳው ስለሚችል አስቀድሞ ይመረመራል።

በኢትዮጵያ በአርብቶ አደሮች ግመሎች፣ ፍየሎችና ከብቶች ላይ በተደረገ የደም ምርመራ ለባክቴሪያው የመጋለጥ ምልክት ተገኝቷል። የበሽታው ምልክቶች ከወባና ከታይፎይድ ጋር ስለሚመሳሰሉ ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ መለየት ያስቸግራል። እንስሳት ሲወልዱ ወይም ሲጨነግፉ እንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አለመንካት፣ መቅበር ወይም ማቃጠል እንዲሁም ወተትን አፍልቶ መጠጣት አደጋውን ይቀንሳል።