የሕፃን ጣቶች እንዴት እንደሚለያዩ

ልጆቻችሁን ይዛችሁ በአዋሽ ዳር ወዳለው ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ የምትወርዱ ወላጆች ሆይ፤ የሕፃኑን እጅ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። በፅንሱ 2ኛ ወር ይህ እጅ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ነበረ፤ በጣቶቹ መካከል የነበሩት ሕዋሳት፥ ማለት በዓይን የማይታዩት የሥጋ ቅንጣቶች፥ ጊዜያቸው ደርሶ በሥርዓት ስለ ሞቱ ጣቶቹ ተለያዩ። የእንቁራሪት ልጅም ስታድግ ጅራቷን የምታጣው በዚሁ ዓይነት ሞት ነው። ሊቃውንቱ ኬር፥ ዋይሊና ከሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. አፖፕቶሲስ ብለው ሰይመውታል። መሞት የሚገባው ሕዋስ አልሞትም ቢል ነቀርሳ ሊያስከትል ይችላል።

በጣቶች መካከል ያለው ሳይሞት ሲቀር ግን ሕፃኑ ጣቱ ተጣብቆ ይወለዳል፤ ይህም እርግማን አይደለም፥ እናቲቱም አልበደለችም። ፍል ውሃ ለደከመ ሰውነት መልካም ነው፤ የተጣበቀውን ጣት የሚለየው ግን የቀዶ ጥገና ሐኪም ስለ ሆነ፥ ልጁን ሳትሸሽጉ በሕፃንነቱ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።