ትኩሱ ወተት ለምን ቀደመ?

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1963 ነው፤ ቦታው ያኔ ታንጋኒካ፣ ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር የሚገኘው የማጋምባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች አይስክሬም መሥራት ይወዱ ነበር። ወተት ከአካባቢው ሴቶች ይገዛሉ፣ ያፈላሉ፣ ስኳር ይጨምሩበታል፣ በረድ ሲል ፍሪጅ ውስጥ ይከቱታል። ችግሩ ፍሪጁ ጋ ነበር። ቦታው ጠባብ፣ ልጁ ብዙ፤ የዘገየ አይስክሬሙን በምኞት ይበላል።

አንድ ቀን ኤራስቶ ምፔምባ የተባለ የ13 ዓመት ልጅ ወተቱን እሳት ላይ ጣደ። ይህን ያየ ሌላ ተማሪ ቦታ እንዳይቀድመው ሰጋና የራሱን ወተት ሳያፈላው ከስኳር ጋር በጥብጦ እየሮጠ ፍሪጅ ውስጥ ከተተው። ምፔምባ ዞር ብሎ ሲያይ የቀረው የፍሪጁ ሳህን አንድ ብቻ ነው። ወተቱ እስኪበርድ ልጠብቅ ቢል ያቺም ትወሰዳለች። ትኩስ ነገር ፍሪጅ እንደሚያበላሽ ያውቃል፤ ቢሆንም የመጣው ይምጣ ብሎ ወተቱን እንደ ጋለ አስገባው።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሁለቱም ተመልሰው ሄዱ። የጓደኛው ወተት ገና ወፈር ያለ ፈሳሽ ነበር። የምፔምባ ግን ረግቶ አይስክሬም ሆኖ ጠበቀው።

ብዙ ልጅ ቢሆን አይስክሬሙን ይበላና ነገሩን ይረሳው ነበር። ምፔምባም ሳይበላው አልቀረም፤ መርሳቱን ግን አልቻለበትም። ትኩሱ ከቀዝቃዛው ቀድሞ እንዴት ይረጋል? ጥያቄውን ይዞ ወደ ፊዚክስ መምህሩ ሄደ። መምህሩ ብዙም አላሰቡበትም። ተምታቶብህ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም አሉት። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚባለው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። ምፔምባ የመምህሩን መልስ ተቀብሎ ዝም አለ።

ዝምታው የቆየው ታንጋ ከተማ ውስጥ አይስክሬም እየሠራ ከሚሸጥ ወዳጁ ጋር እስኪገናኝ ነበር። ወዳጁ ወተቱን የሚያስገባው ገና ትኩስ ሳለ እንደሆነ፣ ይህንም የሚያደርገው ቶሎ እንዲረጋለት ብሎ እንደሆነ እንደ ዋዛ ነገረው። ለሻጩ ይህ የዘወትር ሥራ ነው፤ ማንንም የሚያስደንቅ አይደለም። ለምፔምባ ግን ምስክር ተገኘ። እንግዲህ የተምታታበት ማን ነበር?

ወደ ኢሪንጋው ምክዋዋ ትምህርት ቤት ከተዛወረ በኋላ የኒውተን የመቀዝቀዝ ሕግ የሚማሩበት ቀን ደረሰ። ምፔምባ እጁን አውጥቶ ያንኑ ጥያቄ አነሳ። አዲሱ መምህርም ተምታቶብሃል አሉት። አልተዋጠለትምና ደግሞ ሞገታቸው። በዚህ ጊዜ መምህሩ ይህ የምፔምባ ፊዚክስ እንጂ የዓለም ፊዚክስ አይደለም ብለው ቀለዱበት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ሒሳብ ቢሳሳት የምፔምባ ሒሳብ፣ ሌላም ነገር ቢሳሳት የምፔምባ እየተባለ መቀለጃ ሆነ።

እንዲህ የተሳቀበት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ እጁን አያወጣም። ምፔምባ ግን አንድ ቀን የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ በር ተከፍቶ፣ ውስጡም መምህር ሳይኖር አገኘው። ሹልክ ብሎ ገባ። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት የቤተ ሙከራ ብርጭቆዎች አነሳ፤ በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው የፈላ ውሃ ሞልቶ ፍሪጁ ውስጥ በረዶ በሚሠራበት ቦታ አስቀመጣቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲያያቸው አንዱም ሙሉ በሙሉ አልረጋም። ሆኖም በረዶው የበዛው በትኩሱ ብርጭቆ ነበር። እሱም ቢሆን በዚህ ብቻ አልረካም፤ ሌላ ጊዜ ሊደግመው አሰበ። በእኔ ግምት ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው። መምህሩን የተጠራጠረ ልጅ የራሱንም ሙከራ መጠራጠር ጀምሮ ነበር።

ዕድል ደግሞ በእንግዳ መልክ መጣች። ከዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዶክተር ዴኒስ ኦዝቦርን የተባሉ የፊዚክስ መምህር ለተማሪዎቹ ንግግር ሊያደርጉ ምክዋዋ መጡ። ንግግሩ አልቆ ጥያቄ ሲፈቀድ ምፔምባ ተነሳ። እኩል ውሃ የያዙ ሁለት ተመሳሳይ ዕቃዎች፣ የአንዱ ውሃ 35፣ የሌላው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ፍሪዘር ውስጥ ቢገቡ 100 የነበረው ቀድሞ ይረጋል፤ ለምንድን ነው? አላቸው። ጓደኞቹ በእንግዳ ፊት አዋረደን ብለው ተሳቀቁ።

ኦዝቦርን ፈገግ አሉ። ጥያቄውን አስደገሙት፤ በእርግጥ ሞክረኸዋል ወይ አሉት። ሞክሬዋለሁ አለ። በልባቸው ልጁ ተሳስቷል ብለው ነበር። ነገር ግን አልሳቁበትም። ምክንያቱን አላውቀውም፣ ዳሬሰላም ስመለስ እሞክረዋለሁ ብለው ቃል ገቡለት።

ቃላቸውንም ጠበቁ። ሙከራውን አንድ ወጣት ቴክኒሺያን እንዲሠራ አዘዙ። ቴክኒሺያኑ ሠርቶ ሲመለስ እውነትም ትኩሱ ቀድሞ መርጋቱን ተናገረ፤ አስከትሎም ትክክለኛው ውጤት እስኪገኝ ድረስ ሙከራውን እንደሚደጋግሙት አረጋገጠላቸው። ያስቃል። ግን ስንቶቻችን ነን የምንጠብቀው መልስ እስኪመጣ እየደገምን፣ ሲመጣ የምናቆም? ሙከራው ተደገመ። ትኩሱ አሁንም ቀደመ።

በ1969 የምፔምባና የኦዝቦርን ስም ጎን ለጎን ሆኖ ፊዚክስ ኤጁኬሽን በተባለ መጽሔት ላይ ወጣ። ምፔምባ ያኔ ሞሺ አጠገብ በሚገኘው የአፍሪካ የዱር እንስሳት አስተዳደር ኮሌጅ ተማሪ ነበር። በዚያው ዓመት ጆርጅ ኬል የተባለ የካናዳ ተመራማሪ ስለዚሁ ጉዳይ ለብቻው ጻፈ። በእሱ አገር በክረምት መኪና በሙቅ ውሃ አይታጠብም፣ ቶሎ በረዶ ይሆናል ይባል ነበር። መዝገብ ሲገለጥ ደግሞ አርስቶትል፣ ፍራንሲስ ቤከንና ደካርት ሁሉም ነገሩን ጠቅሰውት ተገኙ። ከጥንት የታወቀው ነገር ተረስቶ ኖሮ አንድ የታንጋኒካ ተማሪ በአይስክሬም ጥም እንደገና አገኘው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም የደስ ደስ ያለው ተረት በሆነ ነበር። አልቆመም።

ለምን የሚለው ጥያቄ መልስ አጣ። አንዱ ትኩሱ ውሃ ስለሚተን መጠኑ ይቀንሳል አለ። ሌላው ትኩሱ ዕቃ ከሥሩ ያለውን አመዳይ አቅልጦ ከቀዝቃዛው ብረት ጋር በደንብ ይገናኛል አለ። ውሃ አንዳንዴ ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶም ሳይረጋ እንደሚቆይ ያስታወሱም ነበሩ። በ2012 የብሪታንያ ሮያል የኬሚስትሪ ማኅበር ለተሻለው ማብራሪያ 1,000 ፓውንድ ሽልማት ቢያቀርብ ወደ 22,000 የሚጠጋ መልስ ጎረፈለት። አሸናፊ ተመረጠ፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

በ2016 ሄንሪ በሪጅና ፖል ሊንደን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ከሥሩ ጀመሩ። ለምን ይቀድማል ከማለታችን በፊት፣ በእርግጥ ይቀድማል ወይ ብለው ጠየቁ። ውሃው ዜሮ ዲግሪ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ ደጋግመው ለኩ፤ ትኩሱ ሲቀድም የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙም። እንዲያውም ቴርሞሜትሩ በብርጭቆው ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ብቻ ትኩሱ የቀደመ ሊያስመስል እንደሚችል አሳዩ። ሌሎች በበኩላቸው ዜሮ መድረስ ሌላ፣ መርጋት ሌላ ነው ብለው ተከራከሩ። በ2020 ደግሞ በካናዳ አቪናሽ ኩማርና ጆን ቤክሆፈር ውሃውን ትተው፣ ውሃ ውስጥ ያለች አንዲት እጅግ ደቃቅ ቅንጣት በብርሃን ኃይል እየተቆጣጠሩ፣ ትኩሱ የሚቀድምበትን ሁኔታ በጥንቃቄ ማሳየት ቻሉ። ውሃው ግን እስካሁን እንዳከራከረ ነው።

ይህ ምፔምባን ያሳንሰዋል? አይመስለኝም። በሪጅና ሊንደን ያደረጉት እሱ ምክዋዋ ውስጥ ካደረገው የተለየ አይደለም፤ ተባለ የተባለውን በብርጭቆና በሰዓት ፈተኑት። ተምታቶብሃል ያሉት መምህራን ምናልባት ስለ ውሃው ልክ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ያም ሆኖ ጥፋታቸው አይሰረዝም፤ አልፈተኑትምና። አቶ ኤራስቶ ምፔምባም የፊዚክስ ሊቅ አልሆኑም፤ በሥራ ዘመናቸው የአገራቸውን የዱር እንስሳት ጠባቂ ሆነው አገለገሉ። ክስተቱ ግን በዓለም የፊዚክስ መዝገብ በስማቸው ይጠራል።

እቤትዎ ፍሪዘር ካለና ልጅዎ ይህን ጽሑፍ ሰምቶ እውነት ነው ወይ ብሎ ከጠየቀዎ አይመልሱለት። ሁለት አንድ ዓይነት የብረት ኩባያዎች ይስጡት፤ የፈላውን ውሃ እርስዎ ይቅዱለት። ውሃው እኩል ይሁን፣ ኩባያዎቹ ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ ሰዓቱ ይመዝገብ። ከአንድ ጊዜ በላይ ይሞክረው፤ ቀዝቃዛው የቀደመበትንም ቀን ሳይዘል ይጻፈው።