ልብን የሚጠብቅ መድኃኒት ራሱ ጥበቃ ይሻል

በጦር ሰፈራችን የቤተሰብ መኖሪያ፣ በአንድ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ አንዲት አሮጌ የወተት ቆርቆሮ ተቀምጣለች። በውስጧ ያለው ወተት ሳይሆን ሁለት ዓይነት ክኒን፣ አንድ የሕክምና ካርድና አንድ ደብተር ነው። ወደዚህ ቤት ያመራነው የአንድ አምሳ አለቃ ባለቤት ከሆስፒታል መውጣታቸውን ሰምተን «እግዜር ይማርዎ» ለማለት ነበር። ገና ከመቀመጣችን፣

«መቶ አለቃ፣ እኔ እኮ መድኃኒቴን አንዲት ቀን እንኳ አላጓደልኩም» አሉን።

እውነታቸውን ነበር። የደረሰባቸውን በእሳቸውና በባለቤታቸው ፈቃድ በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ለማቅረብ የወደድነውም ስለዚሁ ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ መዋጥ የጥንቃቄው ግማሽ ብቻ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅምና።

እኚህ እኅታችን በልጅነታቸው ይመላለስባቸው የነበረው የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ፣ ውሎ አድሮ አንደኛውን የልብ ቫልቭ አጥብቦባቸዋል። ሐኪሞች የሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። ቫልቩ ሲጠብ የልብ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም በሥርዓት መምታቱን ትቶ ይርገፈገፋል። ትእዛዝ ሰጪው ጠፍቶበት እያንዳንዱ ወታደር በየራሱ እርምጃ የሚጓዝበትን የሰልፍ ሜዳ ያስታውሷል። ነገር ግን ትልቁ አደጋ የምቱ መዛባት ብቻ አይደለም። በሚርገፈገፈው ክፍል ውስጥ ደም ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል የሄደ እንደሆነ፣ ማታ ልጆቿን አብልታ የተኛች እናት ጠዋት አንደበቷ ተይዞ፣ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት ልትገኝ ትችላለች። ስለሆነም ምቱን የሚያረጋ ዲጎክሲን፣ ደሙ እንዳይረጋ የሚከላከል ዋርፋሪን ታዘዘላቸው።

አምሳ አለቃው ለግዳጅ በወጡበት ሰሞን ወይዘሮዋን ሆዳቸውን አመማቸው፤ አቅለሸለሻቸውም። «አሜባ ነው» ተባለ። ጎረቤታቸው ከቤት የተረፋቸውን ሜትሮኒዳዞል፣ በተለምዶ ፍላጅል የምንለውን፣ አምጥተው ሰጧቸው። በአምስተኛው ቀን በመፋቂያ ጥርሳቸውን ሲፍቁ ድዳቸው ደማ። በሰባተኛው ቀን የያዛቸው ነስር አልቆም አለ። ሆስፒታል ሲደርሱ አይ.ኤን.አር. የሚባለው የደም መርጋት መለኪያ፣ ለእሳቸው ከ2 እስከ 3 መሆን ሲገባው፣ ከ8 በልጦ ተገኘ።

ጎረቤቲቱ ክፉ አላሰቡም። ይሁን እንጂ ፍላጅል ሰውነት ዋርፋሪንን እንዳያስወግድ ያግዳል፤ በመሆኑም አንዷ ክኒን የብዙ ክኒን ያህል ትሠራለች። ኮትራይሞክሳዞልም እንዲሁ ያደርጋል። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም የምንውጣቸው አስፒሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ በሌላ መንገድ ጨጓራን ያደማሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው የዋርፋሪንን ኃይል ያደክማል። ስለዚህ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለየትኛውም ሕመም መድኃኒት ሲታዘዝለት ወይም ሲገዛ አስቀድሞ ካርዱን ያሳይ። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋም መርፌውን ሳያቋርጥ፣ ለሚወጋው ባለሙያ ዋርፋሪን እንደሚወስድ ይንገር።

ወይዘሮዋን ሌላም ነገር ሲያስጨንቃቸው አገኘነው። አንድ ሰው «ይህ እኮ የአይጥ መርዝ ነው» ብሏቸዋል። ነገሩ ውሸት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደም እየፈሰሳቸው ማለቃቸው ለምርምር ምክንያት ሆኖ፣ የተገኘው ንጥረ ነገር በ1948 እ.ኤ.አ. ለአይጥ ማጥፊያነት ዋለ፤ በ1954 ግን ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። በማግስቱ ዓመት ልባቸውን ታመው ዋርፋሪን ከወሰዱት አንዱ፣ በኖርማንዲ የተባበሩትን ጦር የመሩትና በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጄኔራል አይዘንሃወር ነበሩ። መርዝ የሚያደርገው መጠኑ ነው። አዳዲስና ብዙ ክትትል የማይጠይቁ መድኃኒቶች ለሌሎች የልብ ምት ሕሙማን ጠቃሚ ቢሆኑም፣ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ከ4500 በሚበልጡ የሩማቲክ ልብ ሕሙማን ላይ ተካሂዶ በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት፣ ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ አሮጌው ዋርፋሪን ዓይነት መድኃኒት ከሪቫሮክሳባን በተሻለ ከሞት እንደሚያድን አሳይቷል።

ስለ ጎመን ብዙ እንጠየቃለን። «ጎመን በጤና» ይላል ያገራችን ሰው፤ ዋርፋሪን ለሚወስድ ግን ጎመን ራሱ የጤና ጉዳይ ነው። በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይሽራል። በሁዳዴ ጾም ጎመን ከገበታ አይጠፋም፤ የደም መለኪያው ይወርዳል፤ ደሙም ለመርጋት ይቀርባል። ፋሲካ ሲገባ ጎመኑ ይቀርና ሥጋው ይተካል፤ ጠላውና አረቄው ይጨመራል፤ መለኪያው ይወጣል። ታዲያ ጎመን ተዉ ማለታችን አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ በተመሳሳይ መጠን ይበላ፤ ጾም ሲያዝና ሲፈታ ደም ይመርመር ነው የምንለው።

ክኒንን በቀለሙ መለየት ሌላው ስሕተት ነው። በእንግሊዝ አገር ሮዝ የሆነው የዋርፋሪን ክኒን 5 ሚሊግራም ሲሆን በአሜሪካ ሮዙ 1 ሚሊግራም ነው። ውጭ አገር ካለ ዘመድ መድኃኒት የሚላክላቸው ቤተሰቦች ከመዋጣቸው በፊት ጽሑፉን ያንብቡ፤ ያስነብቡ። የተረሳ ክኒን በዚያው ቀን ከታወሰ ይወሰድ፤ ካደረ ግን በማግስቱ ሁለት አይዋጥም።

ዲጎክሲንስ? በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ሲበዛ መጀመሪያ የሚያሳየው ምልክት ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት ነው፤ አንዳንዴም ዓይን ነገሩን ሁሉ ቢጫ አድርጎ ያያል። ይህን ማቅለሽለሽ ነው እንግዲህ እኛ «አሜባ» ወይም «ጨጓራ» ብለን የምናልፈው! ተቅማጥ፣ ትውከትና ሽንት የሚያበዛው ላሲክስ ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ከሰውነት ሲያሟጥጡ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ጠዋት ከክኒኑ በፊት የእጅ ደም ሥር ምት ይቆጠር። ምቱ ዝብርቅርቅ ስለሆነ ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት አይበቃም፤ ሙሉ 60 ሴኮንድ ያስፈልጋል። ከ60 በታች ከሆነ ክኒኑ ከመዋጡ በፊት ሐኪም ይጠየቅ።

ለእኅቶቻችን አንድ ነገር ለይተን እንናገራለን። ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። ለመውለድ ያሰበች ከማርገዟ በፊት፣ ወር አበባዋ የቀረባት ወዲያውኑ ለሐኪም ታስታውቅ። በራሷ ውሳኔ ግን አታቋርጥ፤ በእርግዝና ጊዜ ደም ይበልጥ ለመርጋት ያደላልና። ጠበል የሚሄዱም ክኒናቸውን ይዘው ይሂዱ።

እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር፣ የቀላ ሽንት፣ ከመውደቅ ወይም ከመመታት በኋላ የሚመጣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም፣ የአንደበት መያዝ ሲታይ እስኪነጋ አይጠበቅም።

አምሳ አለቃው ከግዳጅ ሲመለሱ ለባለቤታቸው የደም ሥር አቆጣጠር በራሳቸው የእጅ ሰዓት አስተምረዋል። በቆርቆሮዋ ውስጥ ባለው ደብተር የየዕለቱ ምት፣ የተዋጠው ክኒንና የአይ.ኤን.አር. ውጤት ተመዝግቧል። በሚቀጥለው ወር እንደገና ለግዳጅ ይወጣሉ። ወይዘሮዋ ለደም ምርመራ ሆስፒታል ሲሄዱ ልጆቹን የሚጠብቁላቸው ያንን ፍላጅል የሰጧቸው ጎረቤታቸው ናቸው።