ቤትን ይዞ መንገድ

በአውሮፓና በአሜሪካ አልጋውም ምድጃውም መኪናው ውስጥ በሆነ ሞተርሆም ቤተሰብ ይዘው የሚጓዙ ብዙ ናቸው። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ ታንከሩን ሞልቶ ቁልቁለት መውረድ ፍሬንን ይፈታተናል። በማንቆርቆሪያ ዉዱእ ማድረግ ለለመደ ሰው ውሃ መቆጠብ አያስቸግርም።

አደጋው ጋዙ ነው። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ «ብርድ ገባ» ብሎ የወለሉን ማናፈሻ በጨርቅ መድፈን ሕይወት ያስከፍላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። አገር ቤት ከሰል አስገብተው ተኝተው ስላልነቁት ያልሰማ ማን አለ? በምድጃ እሳት እየሞቁ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ልጆች በሚተኙበት አጠገብ የጋዝ ጠቋሚ ደወል ይሰቀል፤ ባትሪውም ከጉዞ በፊት ይሞከር።

የሽንት ቤቱ ታንከር የሚደፋው በተዘጋጀለት ቦታ ብቻ ነው። ጓንቱም ከምግብ ዕቃ ርቆ ይቀመጥ።